የውሃ ቅማሎቹ ጾም

ከአየር ጤና እስከ ሳንሱሲ ቤት ለቤት ቢፈለግ፣ በዚያ ጥር እንደ መዝገቡ የደከመ ሰው አይገኝም ነበር። ድካሙ የወገብና የጉልበት ብቻ ቢሆን አንድ እሑድ ሙሉ ተኝቶ ይገላገለው ነበር፤ የእሱ ግን ስሙ ሲጠራ «አቤት» ለማለት እንኳ ሁለቴ የሚያስተነፍስ፣ ለሦስት ጎረምሶች ቢከፋፈል ሦስቱንም አልጋ ላይ የሚያውል ድካም ነው። ዕድሜው ሃምሳ አንድ ነው። ሃያ ስድስቱን ያሳለፈው በቤተ ሙከራ ቴክኒሻንነት፣ ጭቃ ሲያጠልና ጠርሙስ ሲያጥብ ነው፤ ያጠለው ጭቃ ቢጠራቀም ኮልፌን ከነገበያዋ አንድ ክንድ ከፍ ያደርጋታል።

ቤተ ሙከራው አየር ጤና፣ ከጋራዦቹ በላይ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ደረጃው ሰባ ሁለት ነው፤ ያውም ለሚቆጥረው እንጂ ለሚወጣው ሰባት መቶ ሃያ ነው። መዝገቡ ጠዋትና ማታ ይወጣዋል፤ ላይ ያሉት ፍጥረቶች ውሃቸው በቀን ሁለቴ ካልተቀየረ ይሞታሉና። ቅዳሜ የለ፣ እሑድ የለ፣ ጥምቀት የለ።

ፍጥረቶቹ የሸርጣን የሩቅ ዘመዶች ናቸው። ከሩዝ ፍሬ ያንሳሉ፣ ቅርፊት ለብሰዋል፣ ጀርባቸው ጎበጥ ያለ ነው፣ በጎናቸው ይዋኛሉ፣ ውለው የሚያድሩት ደግሞ ውሃ ሥር ጭቃ ላይ ነው። የሳይንስ ስማቸው ከደረጃው ይረዝማል። ሰፈሩ ግን አንዴ «የውሃ ቅማል» ብሎ ስለሰየማቸው መዝገቡም ለመከራከር አቅም አላገኘም። የሚባዙት ከአንድ ከፈረሰ ሆቴል በመጣ ባኞ ውስጥ ነው፤ ባኞው ውስጥ ያለው ሕዝብ የአዲስ አበባን ሳያስከነዳ አይቀርም።

ሥራቸው መኖር ነው። አሥራ ስድስት ቢከር የሚባል የመስታወት ዕቃ፣ በየቢከሩ አሥር ቅማል። በግራ በኩል ባሉት ስምንት ቢከሮች ውስጥ የተነጠፈው ከኮልፌ በታች ከሚያልፈው ወንዝ የተቀዳ ጭቃ ነው፤ በቀኝ በኩል ባሉት ስምንት ደግሞ ከጫካ ምንጭ የመጣ ንጹሕ ጭቃ። መርዝ ጠጥቶ ወዲያው የሚሞትን ማንም ያውቀዋል፤ ይህ ሙከራ የሚጠይቀው በየቀኑ በጥቂቱ የሚመረዝ ፍጥረት እስከ ሃያ ስምንተኛው ቀን ስንቱ እንደሚተርፍ፣ ምን ያህል እንደሚያድግ፣ ከዚያም ንጹሕ ውሃ ውስጥ ገብቶ እስከ አርባ ሁለተኛው ቀን ስንት እንደሚወልድ ነው። አንድ የማይታለፍ ሕግ አለ። በንጹሕ ጭቃ ካሉት ሰማኒያ ቅማሎች በሃያ ስምንተኛው ቀን ቢያንስ ስድሳ አራቱ በሕይወት መገኘት አለባቸው። ንጹሑ ጭቃ ውስጥ ያለውን ማኖር ያልቻለ ሰው፣ ወንዙ ገደለ ብሎ ማውራት አይችልም።

ሙከራው ሁለት ጊዜ ከሽፏል። በመጀመሪያው ጊዜ መብራት ሁለት ቀን ጠፍቶ ብርዱ ጨረሳቸው። በሁለተኛው መዝገቡ ራሱ ቢከር ያጠበበት የዱቄት ሳሙና በደንብ ሳይለቅ ቀርቶ ንጹሖቹ ቀድመው አለቁ። ይህ ሦስተኛው ነው፤ አራተኛ የለም። ከወንዙ ላይኛው ዳር የልብስ ማቅለሚያ ቤት አለ። ወንዙ ሰኞ ቀይ፣ ማክሰኞ ሰማያዊ ሆኖ ነው የሚወርደው። አንድ ነጭ ውሻ ሐሙስ ቀን ገብቶ አረንጓዴ ሆኖ ወጣ ይባላል፣ ውሻውን በዓይኑ ያየ ሰውም ሞልቷል። ታዲያ ማቅለሚያ ቤቱ በታኅሣሥ ጭቃው የተቀዳበትን የወንዙን ዳር በድንጋይና በሲሚንቶ ደፈነው። የዚያ ጥግ ጭቃ ከእንግዲህ በምድር ላይ ያለው እነዚያ ስምንት ቢከሮች ውስጥ ብቻ ነው።

ይህ ሁሉ ጣጣ ለሸዋገነት ነው። ሸዋገነት የመዝገቡ ሚስት ናት። ከወንዙ ዳር ከአሥር ሴቶች ጋር አትክልት ታለማ ነበር፤ የእሷ ቆስጣ አንዱ ቅጠል ለሁለት ሰው ዣንጥላ ይሆናል። ካቻምና መዝገቡ ነው «በዚህ ውሃ ያጠጣሽውን ለሰው አታብዪ» ያላት። ቃሉን አክብራ መደቧን ተወችው፤ አሥሩም ተከትለዋት ተዉ። በማግስቱ ግን እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ «በቃልህ አቁሜያለሁ። አሁን አስመስክር» አለችው። ወረዳው አቤቱታቸውን ሊሰማ ቀጠሮ የሰጠው ለመጋቢት መጀመሪያ ነው። ማስረጃ ካለ ማቅለሚያ ቤቱ ቆሻሻውን አጣርቶ እንዲለቅ ይገደዳል፣ መደቡም ይመለሳል። ከሌለ መሬቱ «ጥቅም ላይ ያልዋለ» ተብሎ ለሌላ ይሰጣል።

በሙከራው አሥራ አራተኛ ቀን፣ እሑድ፣ መዝገቡ ትኩሳት ያዘው። ትኩሳቱ ግንባሩ ላይ እንቁላል ያስጠብሳል። የሙከራው ባለቤት ሔለን፣ ዶክትሬቷን የምትሠራ ልጅ፣ ለሥልጠና ባሕር ዳር ነበረች። የቀረው ሰው አንድ ነው፤ የሕንፃው ጽዳት ሠራተኛ ወይዘሮ የሺእመቤት። ስድሳ አልፏቸዋል፤ ደረጃውን ግን ባልዲ ይዘው ሲወጡት የሚወርዱ ነው የሚመስሉት።

«እማማ የሺ፣ ሦስት ቀን ብቻ» አላቸው ግድግዳ ተደግፎ። «ውሃውን ጠዋትና ማታ። ከዚህ ጠርሙስ ደግሞ ጠዋት ጠዋት በየቢከሩ አንድ ጠብታ መስጫ ሙሉ። ከዚያ ቅጹ ላይ ጭረት።»

«ውስጡ ምንድን ነው?»

«እርሾ፣ የሣር ዱቄት፣ የዓሣ ዱቄት።»

«ዓሣ» አሉ ወይዘሮ የሺእመቤት፣ ጠርሙሱን ራቅ አድርገው እየያዙ። «ሂድ ተኛ ልጄ። መልክህ እንደ ኖራ ሆኗል።»

ሐሙስ ጠዋት ሲመለስ ሰባ ሁለቱን ደረጃ በአራት እረፍት ነበር የወጣው። ቢከሮቹ ያበራሉ፣ ውሃው ጥርት ብሏል፣ ወለሉ ላይ ፊት ይታያል። «እኔ የሌለሁ ጊዜ ይሻላል» ብሎ ቅጹን አነሳ። ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ፤ በውሃው አምድ ላይ ጭረት አለ። በምግቡ አምድ ላይ ግን በደማቅ እስክሪብቶ ሦስት ጊዜ አንዲት ፊደል ተጽፋለች፦ ጾ። ጾ። ጾ።

«እማማ የሺ!»

ወይዘሮ የሺእመቤት መወልወያቸውን ይዘው ብቅ አሉ። «እግዜር ይማርህ። ተሻለህ?»

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የቱ?»

«ይሄ ጾ የሚለው።»

«ጾም ነዋ።»

«የማን ጾም?»

«የማን ይሆናል! የነነዌ! ትኩሳቱ አእምሮህንም ወሰደው እንዴ?»

«ጾሙንማ አወቅሁት። ማነው የጾመው ነው የምለው።»

«እኔም እነሱም» አሉ፣ በመወልወያው እጀታ ከግራ ወደ ቀኝ ሁሉንም እያመለከቱ። «የነነዌ ንጉሥ ከብቱን ሳይቀር አይደል ያስጾመው? በሌላው ጾም ግድ የለኝም፤ ነነዌ ግን የእንስሳም ነው።»

«እነዚህ እንስሳ ናቸው እንዴ?»

«ሦስት ወር ሙሉ ‹እንስሳቱ በሉ ወይ፣ እንስሳቱ ሞቱ ወይ› ስትል የከረምከው አንተ ነህ። ዛሬ ደግሞ ምን ልታደርጋቸው ነው?»

መዝገቡ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። ወንበሩ ባይኖርም ይቀመጥ ነበር። «ሦስት ቀን ሙሉ ምንም?»

«ውሃቸውን ቀይሬያለሁ። ጾም ነው እንጂ ክፉ ሰው ነኝ እንዴ?»

«እማማ፣ እነዚህ ገና ልጆች ናቸው። በልተው ማደግ አለባቸው።»

«ነነዌም ሕፃናቱ ጾመዋል። ደግሞስ ይሄ የግራው የዚያ የማቅለሚያ ቤት ጭቃ ነው አላልከኝም? ከዚያ የባሰ ነነዌ የት አለ?»

«የቀኞቹስ? ንጹሕ ጭቃ ላይ ያሉትስ ምን በደሉ?»

ወይዘሮ የሺእመቤት መወልወያቸውን ግድግዳ ላይ አስደግፈው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ሁለቴ ሞቱብህ። ሁለተኛው ጊዜ ታች ደረጃው ላይ ተቀምጠህ ግንባርህን በሁለት እጅህ ይዘህ አይቼሃለሁ። ሰው የሞተብህ ነበር የመሰለኝ። እኔ ላብራቶሪ አላውቅም። የማውቀው ጾምን ነው። ሦስተኛው ይትረፍልህ ብዬ ነው።»

መዝገቡ ሊቆጣ አፉን ከፈተ፣ ቁጣው ከደረጃው በታች ቀርቶ ኖሮ አልደረሰለትም።

«ሁዳዴ አሥራ አንድ ቀን ነው የቀረው» አሉ ወይዘሮ የሺእመቤት፣ አሁን በሥራ ድምፃቸው። «ያን ጊዜስ እንዴት እናድርግ?»

«በሁዳዴ ይጸንሳሉ» አለ መዝገቡ ዓይኑን ጨፍኖ። «እርጉዝ አትጾምም።»

«እንዲህ በለኛ! ይሄ ይገባኛል።» ጥቂት አሰቡ። «ወንዶቹስ?»

«ወንዶቹም እማማ። ወንዶቹም።»

ያን ቀን አጉልቶ በሚያሳየው መስታወት አሥራ ስድስቱንም ቢከር አየ። የሞቱ አሉ፤ ስንት እንደሆኑ ግን ጭቃው ሳይጠለል አይታወቅም። በሕይወት ያሉት ይዋኛሉ፣ ቀርፈፍ ብለው፣ ልክ ጠዋት ከታክሲ ሰልፍ እንደመጣ ሠራተኛ። በሕጉ መሠረት ማድረግ ያለበት ቀላል ነው፤ ሔለን ጋ ደውሎ «ሦስት ቀን አልበሉም» ማለት። ስልኩን አነሳው። ሔለን ሙከራውን ልትሰርዘው ትችላለች። ጭቃው የለም። ቀጠሮው አለ። ሸዋገነት አለች፣ እጇ ወገቧ ላይ። ስልኩን መልሶ አስቀመጠው።

ዓርብ ጠዋት አዲስ ቅጽ አወጣ። ከአንደኛው ቀን ጀምሮ ሁሉንም ገለበጠው፤ ሙቀቱን፣ ውሃውን፣ ምግቡን። ሰኞ፣ ማክሰኞና ረቡዕ ጋ ሲደርስ ሦስት ጭረት ጫረ፣ ጭረቶቹንም የአሮጊት እጅ እንዲመስሉ ትንሽ አንቀጠቀጣቸው። አጠገባቸው «የሺ» ብሎ ጻፈ። በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ ስንት ሚሊዮን ቁጥር እንደመዘገበ የሚያውቀው ፈጣሪ ብቻ ነው፣ አንዱንም ዋሽቶ አያውቅም። ሦስት ጭረት ለመጫር የፈጀበት ጊዜ የባኞውን ቅማል አንድ በአንድ ያስቆጥር ነበር። የድሮውን ቅጽ ሊቀድደው ጀምሮ መቅደዱም ደከመው። አራት ቦታ አጥፎ በጋውኑ የደረት ኪስ ከተተው።

ከዚያ ወዲህ የነበሩት ዘጠኝ ቀናት ዘጠኝ ዓመት ናቸው። ወጣ፣ ቀየረ፣ መገበ፣ ወረደ። ወይዘሮ የሺእመቤት በየጠዋቱ «ሰነበቱልህ?» ይሉታል፣ እሱም «ሰነበቱ» ይላል፣ ዓይናቸውን ሳያይ። ቤት ሲገባ ሸዋገነት «ሰነበቱ?» ትለዋለች። በኮልፌ ስለ ጤናው እንደ እነዚያ ቅማሎች የተጠየቀ ሰው አልነበረም።

ሃያ ስምንተኛው ቀን እሑድ ዋለ፤ የቅበላ እሑድ፣ በማግስቱ ሁዳዴ የሚገባበት። ከባሕር ዳር የተመለሰችው ሔለን ከቤተ ክርስቲያናቸው ፕሮግራም ቀጥታ መጣች፤ ቤተሰቧ ዘነበወርቅ የታወቁ የጴንጤ ቤተሰብ ናቸው፣ እሷም ስትሠራ መዝሙር ታንጎራጉራለች። ጋውኗን ለብሳ ወንፊቱን አነሳች።

«ጋሽ መዝገቡ፣ ተዘጋጁ። ከቀኙ ልጀምር?»

«ጀምሪ።»

አንዱን ቢከር በወንፊቱ ላይ ገለበጠች፣ ጭቃው ወረደ፣ ቅማሎቹ ቀሩ። መዝገቡ በመርፌ ጫፍ እየነካ ቆጠረ። ዘጠኝ። ሁለተኛው ስምንት። ሦስተኛው ዘጠኝ። አራተኛው ሰባት፤ ሔለን መዝሙሩን አቆመች። አምስተኛው ዘጠኝ። ስድስተኛው ስምንት። ሰባተኛው አሥር፤ አሥሩም! ለስምንተኛው መዝገቡ መርፌውን ለሔለን አቀበላት፣ እሷ ቆጠረች። ስምንት።

«ስድሳ ስምንት!» ብላ ጮኸች። «ጋሽ መዝገቡ! ከሰማኒያ ስድሳ ስምንት! አለፍን!»

ጩኸቷ ታች ጋራዥ ውስጥ መኪና ሥር የተኛ መካኒክ ራሱን እንዲመታ አድርጓል። ወይዘሮ የሺእመቤት ባልዲያቸውን እንደያዙ በሩ ላይ ቆመው እልል አሉ። የግራው ሲቆጠር ከሰማኒያው የተገኙት ሠላሳ አንድ ብቻ ነበሩ። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ አለ? በሦስት ወር ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የመዝገቡ ትከሻ ከጆሮው ራቀ። ሔለን እጇን ዘርግታ «ቅጹን ይስጡኝ፣ ለአለቃችን ለዶክተር ማኑሄ ፎቶ አንስቼ ልልክላቸው ነው» ስትለው፣ የተገለበጠውን ንጹሑን ቅጽ ሰጣት። እጁ ራሱ ነው የሰጠው።

ከዚያ ሔለን ማይክሮስኮፑ ላይ ተቀመጠች፣ ርዝመት ልትለካ። ለካች። እንደገና ለካች። መዝሙሩ አልተመለሰም።

«ምን ሆነ?» አለ መዝገቡ።

«አጭር ናቸው።»

«የወንዙ?»

«የወንዙማ ማጠራቸው አይቀርም። የንጹሑ ናቸው። አራት ሚሊ ሜትር ተኩል መድረስ ነበረባቸው፣ አራትም አልሞሉ። አንዱም አልሞላ!» ወደ ቅጹ ዞረች፣ በጣቷ አምዱን ወረደችበት። «ሙቀቱ ደህና ነው። ውሃው ደህና ነው። ምግቡ አንድ ቀን አልተዘለለም። እና ለምን?» ጣቷን ከቅጹ አነሳች። «ጭቃው ነው።»

«የቱ ጭቃ?»

«ንጹሕ ያልነው። የጫካው። እሱም የሆነ ነገር አለበት ማለት ነው። ሌላ ምንም ምክንያት የለማ! ማነጻጸሪያችን የተበከለ ነው፣ በተበከለ ደግሞ ምንም አይነጻጸርም።» ጓንቷን አወለቀች። «ስድሳ ስምንቱም፣ ሠላሳ አንዱም፣ ሁሉም ይጣላል። ቦታውን የመረጥኩት እኔ ነኝ ጋሽ መዝገቡ። የኔ ጥፋት ነው። ለእትዬ ሸዋገነት እኔ ራሴ እነግራቸዋለሁ።»

መዝገቡ ቆመ። ሙከራውን ለማዳን የጫራቸው ሦስት ጭረቶች ናቸው ሙከራውን እየገደሉት ያሉት። ዝም ቢል ያበቃል፤ ማንም አያውቅበትም፣ ወንዙም እንደ ቀለሙ ይኖራል፣ ይቺ ልጅም ያላጠፋችውን ተሸክማ ትኖራለች። ቢናገር ደግሞ ሃያ ስድስት ዓመቱ አለ። ከቆመበት እስከ ሔለን ወንበር ሦስት እርምጃ ነው። ከሰባ ሁለቱ ደረጃ ይረዝም ነበር።

ከደረት ኪሱ የታጠፈውን ወረቀት አውጥቶ ፊቷ አስቀመጠው። «ትክክለኛው ይሄ ነው። ያኛውን የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

ሔለን ዘረጋችው። አየችው። «ጾ ማለት ምንድን ነው? ጾታ? ጾታቸውን በምን ለያችሁት?»

«ጾም ነው ልጄ!» አሉ ወይዘሮ የሺእመቤት ከበሩ። «እናንተ ቤት ነነዌ የለም?»

መዝገቡ ሁሉንም ነገራት። ትኩሳቱን፣ ነነዌን፣ ያልተደወለውን ስልክ፣ የተንቀጠቀጡትን ጭረቶች። ወይዘሮ የሺእመቤት «የሺ» ተብሎ የተጻፈውን ሲሰሙ ጠጋ ብለው አዩት። «ይሄ የኔ እጅ አይደለም» አሉ ቀስ ብለው። «እኔ የጻፍኩት ምን ነውር ነበረበት?» መዝገቡ ይህችን ጥያቄ ከመስማት ባኞው ውስጥ ቢሰጥም ይመርጥ ነበር።

ሔለን አልጮኸችም። ብትጮህ ይቀል ነበር። ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ ድምፁን ከፍ አደረገችና ለዶክተር ማኑሄ ደወለች። የሁሉም አለቃ እሳቸው ናቸው፤ በሕይወታቸው ሁለት ጊዜ ብቻ ስቀዋል ይባላል፣ አንዱም በስህተት ነው። እሷ ስትጨርስ ጥያቄ ጀመሩ።

«ምግብ ያላገኙት ሁለቱም ወገን ናቸው?»

«ሁለቱም ዶክተር።»

«እኩል ሦስት ቀን? እርግጠኛ ናችሁ?»

«አንዱም አልገደፈም!» አሉ ወይዘሮ የሺእመቤት ወደ ስልኩ ጎንበስ ብለው።

«ማናቸው?»

«ያስጾሟቸው ናቸው» አለች ሔለን።

«እሺ» አሉ ዶክተሩ። «ረኃቡ እኩል ከሆነ በሟቾቹ ቁጥር ያለው ልዩነት ይጸናል። ንጹሖቹም ሕጉን አልፈዋል። ርዝመቱን ግን እርሱት፤ ረኃብ ያሳጠረውንና ወንዝ ያሳጠረውን መለየት አይቻልም። ሪፖርቱ ላይ ከመጀመሪያው ገጽ፣ እንደሆነው ይጻፍ። ለምን እንዳልበሉም ይጻፍ። መዝገቡ አለህ?»

«አለሁ ዶክተር።»

«ከአንተ አልጠበቅሁም።»

«እኔም።»

«እስከ አርባ ሁለተኛው ቀን ውሃውን ትቀይራለህ፣ ትመግባለህ። ቅጽ ግን አትነካም። ቅጹን የሚሞሉት ሴትዮዋ ናቸው። ምንም ባይሆን የሆነውን ነው የጻፉት።»

መስመሩ ተቋረጠ። ሔለን በሕይወት የቀሩትን ወደ ንጹሕ ውሃ ማዛወር ጀመረች፣ እሱም አገዛት። ሲጨርሱ ወይዘሮ የሺእመቤት አዲሱን ቅጽ ተቀብለው መነጽራቸውን አደረጉ።

«ዛሬ መግበሃቸዋል?»

«መግቤያለሁ እማማ።»

«ላየው ነው የምጽፈው» አሉና እያንዳንዱን ቢከር ጎንበስ እያሉ አዩ።

ቤቱ ሲደርስ ገና አሥራ አንድ ሰዓት አልሞላም። ሸዋገነት የቅበላውን ወጥ አውርዳ፣ በረንዳው ላይ ቆማ ቁልቁል መንገዱን ስትጠብቅ ነበር። አካሄዱን አይታ እጇ ወገቧ ላይ ወጣ።

«ሞቱ?»

«አልሞቱም። ከንጹሑ ስድሳ ስምንት ተርፈዋል። ከወንዙ ሠላሳ አንድ።»

«እና ምን ሆነህ ነው እንደዚህ የመጣኸው?»

ቤት ገብቶ ወንበር ላይ ተቀመጠና ለሔለን እንደነገራት ሁሉንም ነገራት፣ ሳያስቀር። ሲጨርስ ጫማውን ሊፈታ ጎንበስ ብሎ እዚያው ቀረ።

«ስለዚህ በቀጠሮው ቀን» አለች ሸዋገነት፣ «የማቅለሚያ ቤቱ ጠበቃ ተነስቶ ‹እነዚህ ሴቶች ቅማል አስጾመው መጡ› ይላል።»

«ይላል። ያስቃል። አዳራሹ ሙሉ ነው የሚስቀው።»

«እድገታቸው የሚለውስ የለም?»

«የለም። ያለን የሞቱት ቁጥር ነው። አሥራ አራት ቀን ደግሞ ይቀራል፤ የሚወለዱት ይቆጠራሉ። ከወለዱ።»

«አንተስ? ስምህ የለበትም?»

«ሐሰተኛ ቅጽ ጻፈ ተብሎ አለበት። አንደኛው ገጽ ላይ።»

ሸዋገነት ተንበርክካ የጫማውን ማሰሪያ ፈታችለት። ግራውን አወለቀችው፣ ቀኙ እምቢ ሲላት ተረከዙን ይዛ ጎተተችው። «እኔ ላይ እኮ ነው የሚስቁት» አለች፣ ለራሷ ይመስል። «መደቡ የኔ ነው። ያስቆምከኝ አንተ ነህ፣ የቆምኩት ግን እኔ ነኝ።» ጫማዎቹን አልጋ ሥር አደረገቻቸው። «ያንን ገጽ እኔ ነኝ የማነበው። ጠበቃው ከመነሳቱ በፊት። ጾሙን፣ ቅጹን፣ ያንተን ስም፣ ሁሉንም አንብቤ፣ ይስቁና ሲጨርሱ ከዚያ ሠላሳ አንዱን እነግራቸዋለሁ። ይሰማል?»

መዝገቡ አገጩ ደረቱ ላይ ወድቆ፣ ጋውኑን እንደለበሰ ተኝቷል።

ወጡን ከደነችው። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ልትቀሰቅሰው ይገባል፤ ውሃው ይቀየራል።